የበሩ መርዶ

ረቡዕ ጠዋት ሰዓዳ እንድሪስ ኮምፒውተሯን ስትከፍት ስክሪኑ እንደ ወትሮው ሰላም አላት።

«እንዴት አደርሽ? ቁርስ በልተሻል?»

«በልቻለሁ» ብላ ጻፈች።

«አልሐምዱሊላህ። ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

ስክሪኑ ትንሽ አሰበ።

«እንግዲያው ምንም የለም። ሥራሽን ቀጥይ።»

ሰዓዳም ሥራዋን ቀጠለች። ይህ ጥያቄ በየቀኑ ለፕሮግራመር ሁሉ ይቀርባል፤ ነገር ላለበትም ለሌለበትም። እንዲህ የተደረገው ጥያቄውን የሰማ ሰው እንዳይደነግጥ ነው። ጥያቄው ለምን እንደሚጠየቅ የሚያስታውስ ሰው ጠፋ እንጂ፣ በእውነቱ ማንም ደንግጦ አያውቅም።

በዚያ ጠዋት ግን ነገር ነበረ። በገመድ ተንጠልጥሎ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው አዲሱ የኬብል መኪና በሩ የሚቆለፈው ሰዓዳ በጻፈችው ፕሮግራም ነው። መኪናው ሐረጎ ገደል ላይ ሦስተኛውን ምሰሶ ሲያልፍ መቆለፊያው ይለቃል፤ በሩም ይከፈታል። ሰዓዳ ፕሮግራም የምትጽፍበት «አስታማሚ» የተባለው መሣሪያ ይህን ማክሰኞ ከሰዓት ደርሶበታል። ማክሰኞ ማምሻውን የሰፈሩ የእድር ዳኛ ሰሙ። ረቡዕ ጠዋት ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ያልሰማችው ሰዓዳ ብቻ ነበረች። ደንቡም እንደዚያ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የድሮ መሣሪያዎች ባለጌዎች ነበሩ ይባላል። ሰው ወንበሩ ላይ ሳይደላደል «ስሕተት፤ መስመር አርባ አንድ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ፊቱ ላይ ይወረውሩበት ነበር። እንዴት አደርክ የለ፣ ቤተሰብ ደኅና ነው ወይ የለ። ከዚያ ዓለም ሠለጠነና መልእክቶቹ ሰውን የሚያግዙ ይሁኑ ተባለ። መጀመሪያ ስሕተቱ የት ጋ እንዳለ በደንብ ማሳየት ጀመሩ፤ ይህ መልካም ነበር። ቀጥሎ እንዴት እንደሚታረም መከሩ፤ ይህም መልካም ነበር። እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ነገር ግን መልእክት እንዲያሻሽሉ የተቀጠሩት ባለሙያዎች ገና ጡረታ አልደረሱም። ስለዚህ መልእክቶቹ ይቅርታ መጠየቅ፣ ቀጥሎ ማመስገን፣ ቀጥሎም ሰውዬው እንቅልፍ ይወስደው እንደሆነ መጠየቅ ጀመሩ። ቀዩ ቀለም ሆድ ያባባል ተብሎ ቀረ። «ስሕተት» የሚለው ቃልም ክብር ይነካል ተብሎ በ«ነገር» ተተካ።

የመጨረሻውን እርምጃ የወሰድነው እኛ ነን። አንድ ኮሚቴ ተቀምጦ ሲያጠና ከረመና ክፉ ወሬ በባህላችን በድንገት አይነገርም የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ። ሰው ሲሞት ለባለቤቱ መርዶ የሚነገረው እህል ቀምሶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የቅርብ ሰው ከሩቅ አገር ደርሶለት፣ ጎሕ ሲቀድ ነው። ለሰው የሚደረገው ክብር ለፕሮግራም ለምን ይነፈጋል? ኮሚቴው ጥያቄውን ካነሣ በኋላ መልስ ሳይጠብቅ ምሳ ወጣ።

አስታማሚ የተሠራው እንዲህ ነው። ነገር ሲያገኝ መጀመሪያ ለእድር፣ ከዚያ ለጎረቤት፣ ከዚያ ለአለቃ፣ ከዚያ ለቅርብ ዘመድ ይነግራል። ለባለቤቱ የሚነግረው ባለቤቱ በልቶ፣ ሰው ከቦት፣ የቅርብ ዘመዱ አጠገቡ ሲቆም ነው። ከዚያ በፊት አፉን የከፈተ ሰው ይቀጣል። ቅጣቱ ቀላል ነው፤ ከባዱ በሰፈሩ «ያ መርዶ ያፈነዳው» እየተባሉ መኖር ነው።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ጎረቤቷ እትዬ አስካል የተሸፈነ ሳህን ይዘው መጡ። ቂቤ የጠገበ ጨጨብሳ ነበር።

«ምነው እትዬ አስካል፣ ዛሬ ምን በዓል ነው?»

«በዓል ካልሆነ አይበላም? ብዪ ልጄ። ሰው እንዲያው በባዶ ሆዱ…» አሉና አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ።

«በባዶ ሆዱ ምን?»

«በባዶ ሆዱ ሥራ አይሆንለትም ልልሽ ነው። ጉረሺ እንጂ! ኑርዬ መቼ ነው የሚመጣው?»

ኑርዬ ጅግጅጋ የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ነው። ሊመጣ እንደሆነ ሰዓዳ አልሰማችም።

«ኑርዬ ይመጣል እንዴ?»

እትዬ አስካል ብድግ አሉ።

«እኔ ምን አውቄ! ድስት ጥጄ ነው የወጣሁት» ብለው ሄዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው በሩን ከላይ እስከ ታች አዩትና በረጅሙ ተነፈሱ።

ሐሙስ መሥሪያ ቤት ስትገባ ጨዋታ ቆመ። ሻይ ቤት ስትገባም ሳቅ ቆመ። አለቃዋ አቶ መንበሩ ቢሯቸው አስጠርተው ወንበር ራሳቸው ስበው አስቀመጧት። በአራት ዓመት አንድ ቀን እንዲህ አድርገው አያውቁም።

«ሰዓዳ እኅቴ፣ ምረቃው ከሰኞ ወደ ቅዳሜ ተዛውሯል። ለእንግዶች እንዲመች ነው።»

«እንዴ አቶ መንበሩ! በሩን አንዴ እንደገና ልፈትሸው ነበር እኮ።»

አቶ መንበሩ ግንባራቸውን ጠረጉ። «በሩን?» አሉ። «በሩን ለምን አነሣሽው?»

«የሠራሁት በሩን ነዋ! ፕሮግራሜ ደኅና አይደለም እንዴ?»

«ፕሮግራምሽ… በጣም ጥሩ ነው። ሁሉም ሰው በጥሩ የሚያነሣው ነው። አሁን ቤትሽ ግቢና ዕረፊ፤ የቢሮው መኪና ያደርስሻል። ጓደኞችሽም አብረውሽ ይሄዳሉ። ብቻሽን አትሁኚ።»

ለሰዓዳ መርዶ እንዲነገር የተወሰነው እሑድ ጎሕ ሲቀድ ነበር፤ ኑርዬ የሚደርሰው ያኔ ነውና። የኬብል መኪናው የሚመረቀው ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት። የመርዶውን ቀን የወሰነው እድሩ ነው፤ የምረቃውን ቀን የወሰነው የምረቃ ኮሚቴው ነው። አቶ መንበሩ የሁለቱም አባል ስለነበሩ በሁለቱም ስብሰባ እጃቸውን አውጥተው ደግፈዋል።

ሰዓዳ ሞኝ አይደለችም። ሰው ሲያባብላት፣ ሲያበላት፣ ብቻዋን አላስቀምጥ ሲላት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ሰው ሞቶባታል። ስልኳን አንሥታ መጀመሪያ ኮምቦልቻ አባቷ ጋ ደወለች።

«አባዬ፣ ደኅና ነህ?»

«ምን እሆናለሁ! ኮቴን አስተኩሼ ጨርሻለሁ። ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና ላይ ነኝ፤ አለቃሽ ራሱ ነው የጋበዘኝ። ነገ ማታ ደሴ እመጣለሁ።»

«ዘመድ ሁሉ ደኅና ነው?»

«ዘመድ ካልደወሉለት ሁልጊዜ ደኅና ነው» አሏት።

እሷ ግን ለዘመድ ሁሉ ደወለች። ለአክስቶቿ፣ ለአጎቶቿ፣ በሰርግ ብቻ ለምታያቸው የአጎት ልጆች ሳይቀር። ሲመሽ የምታውቀው ዘመድ ሁሉ በሕይወት እንዳለ አረጋገጠች፤ ይህም ይበልጥ አስፈራት። ዘመዶቿም በበኩላቸው ሰዓዳ ምን ሰምታ ነው እያሉ እርስ በርሳቸው መደዋወል ጀመሩ።

ዓርብ ጠዋት እትዬ አስካል ቅንጬ ይዘው ሲመጡ ሰዓዳ ሳህኑን አልተቀበለችም።

«እትዬ አስካል፣ በሞቴ ይንገሩኝ። ማን ነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም ልጄ» አሉ እትዬ አስካል ዓይናቸውን ሰበር አድርገው። «እስከ አሁን ማንም አልሞተም።»

ቅዳሜ የደሴ ጣቢያ በባንዲራና በፊኛ ደምቆ ነበር። ለሰፈሩ ሰው ሁሉ የመጀመሪያው ጉዞ ነጻ ትኬት ታድሎታል። ሰፈሩም ሁሉ መጥቷል፤ የሚሳፈር ግን አልተገኘም። አንዱን ጉንፋን ይዞታል፤ አንዷ ሆዷን ቆርጧታል፤ የእድሩ ዳኛ የጾም ስለት አለብኝ አሉ። ስለት መኪና ከመሳፈር ጋር ምን እንደሚያገናኘው የጠየቃቸው አልነበረም። አቶ መንበሩም ከፍታ እንደማይስማማቸው የተረዱት በዚያው ዕለት ጠዋት ነበር።

የሰዓዳ አባት ጋሽ እንድሪስ ግን መጡ። የተተኮሰ ኮት፣ ነጭ ቆብ፣ ከዘራ። ጋሽ እንድሪስ መኪና በሰው እጅ ይነዳ በነበረበት ዘመን የጭነት ሾፌር ነበሩ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት የሐረጎን ጥምዝ ሲዞሩ ነው። ለእሳቸውም ማንም አልነገራቸውም። አባት ናቸው፤ ደግሞ ሽማግሌ ናቸው፤ ልባቸውም ደካማ ነው። እንዲያውም ከሰዓዳ በኋላ ቀስ ተብሎ እንዲነገራቸው ሌላ ቀጠሮ ተይዞላቸው ነበር።

እትዬ አስካል እጅጌያቸውን ያዙ።

«ጋሽ እንድሪስ፣ በማርያም ዛሬ ይቅርብዎት።»

«ለምን?»

«እንዲያው… ነፋስ አለ።»

«አስካል፣ እኔ የሐረጎን ነፋስ በስሙ አውቀዋለሁ። ዕድሜዬን የፈጀችውን ያችን መንገድ ከላይ ሆኜ ሳላያት አልሞትም!»

እትዬ አስካል ይህን ሲሰሙ ማልቀስ ጀመሩ። ጋሽ እንድሪስ የደስታ ዕንባ መስሏቸው ትከሻቸውን መታ መታ አደረጉና ገቡ። በሩም በእርጋታ ተዘጋ። መኪናው ብቻቸውን ይዟቸው ገመዱ ላይ ወጣ። ሰዓዳ አጨበጨበች። ሌላ ያጨበጨበ አልነበረም።

መኪናው የመጀመሪያውን ምሰሶ እንዳለፈ ከኋላዋ «ሰዓዳ!» የሚል ድምፅ ሰማች። ኑርዬ ነበር። የተሳፈረበት የጭነት መኪና ሾፌር የሌለው ስለሆነ ለምሳም ለጫትም ሳያርፍ መጥቶ አንድ ቀን ቀድሞ አደረሰው። አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ያለቅስ ጀመር።

«ምን ሆነህ ነው? ኑርዬ፣ ማን ነው የሞተው?»

«አብሽሪ እኅቴ፣ አብሽሪ። አባዬስ የት ነው?»

«ያው እዚያ» ብላ በጣቷ ወደ ገመዱ አሳየችው።

ኑርዬ ዞሮ አየ። ፊቱ ዐመድ መሰለ። ከዚያ እትዬ አስካልን አየ፤ እትዬ አስካል መሬት አዩ። ለእሱም ተነግሮት ነበር። እሱም ባለጌ አልነበረም።

በዚህ ጊዜ በሰዓዳ እጅ ያለው ስልክ ጮኸ። አስታማሚ ነበር።

«እንዴት አረፈድሽ? ቁርስ በልተሻል?»

«በልቻለሁ።»

«ብቻሽን ነሽ?»

ሰዓዳ ዙሪያዋን አየች። ሰፈሩ ሁሉ ከቧታል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንድ ሰው ከኋላዋ ወንበር አስጠጋ፤ ሌላው ውኃ በብርጭቆ ይዞ ቆመ።

«አይደለሁም» ብላ ጻፈች።

ስክሪኑ ለስለስ ያለ አረንጓዴ ሆነ።

«ሰዓዳ፣ ነገር የሌለበት የሰው ልጅ የለም። ፕሮግራምሽ በአጭር ዕድሜው ብዙ በር ቆልፏል። በትሕትናው ሁሉም ይወደው ነበር።»

«ፕሮግራሜ? ምኑ ጋ ነው?»

«አብሽሪ። መጀመሪያ ውኃ ጠጪ።»

ሰዓዳ ብርጭቆውን ተቀብላ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። ለአንዲት አፍታ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አላት። የሞተ ሰው የለም። ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራም ይታረማል።

«ጠጣሁ። ምኑ ጋ ነው?»

«ከሦስተኛው ምሰሶ በኋላ በሩ እንደ ቀድሞው አይደለም።»

«ምን ይሆናል?»

«ወደ ውጭ ያዘነብላል።»

ሰዓዳ ቀና አለች። መኪናው ሁለተኛውን ምሰሶ አልፎ እንደ ዶቃ አንሶ ይታያል። የማቆሚያውን ትእዛዝ ተጫነች።

«በድንገት ማቆም ተሳፋሪ ያስደነግጣል» አለ አስታማሚ። «ቀስ ብዬ እያቆምኩልሽ ነው። ሦስተኛውን ምሰሶ ጥቂት አለፍ ብሎ ይቆማል።»

ሰዓዳ አባቷ ጋ ደወለች።

«እሰይ፣ ሰዓዳ!» አሉ ጋሽ እንድሪስ። ነፋሱ በስልኩ ይሰማል። «ያቺ መኪናዬን የገለበጠችብኝ ጥምዝ ከሥሬ ናት! በሩን ተደግፌ ቁልቁል እየሰደብኳት ነው።»

ሰዓዳ አፏን ከፈተች። የሚባለው ነገር አጭር ነው፤ «ከበሩ ራቅ፣ ሊከፈት ነው»። ነገር ግን በዚህ አገር እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ከተነገረ አንድ ትውልድ አልፏል። ሰዓዳ ተወልዳ እስክታድግ ክፉ ነገርን ፊት ለፊት የተናገረ ሰው ሰምታ አታውቅም። ከኋላዋ ሴቶቹ ያንሾካሹካሉ፦ «ቀስ ብለሽ… ሽማግሌ ነው… በድንገት እንዳታፈነጂበት…»

ምላሷ መንገዱን አጣው። ከአፏ የወጣውን የሰማችው ከሌላው ሰው ጋር እኩል ነው።

«አባዬ… ቁርስ በልተሃል?»

«ምን አልሽ?»

«ብቻህን ነህ አባዬ?»

ጋሽ እንድሪስ ጡረታ የወጡት አስታማሚ ሳይመጣ ነው። በየጠዋቱ ይህን የሚጠይቃቸው ስክሪን የላቸውም። በዕድሜያቸው ይህ ጥያቄ በእንዲህ ያለ ድምፅ በቀረበላቸው ቁጥር አንድ ሰው ቀብረዋል።

«ማን ሞተ?» አሉ። «ሰዓዳ፣ ማን ሞተብኝ? ኑርዬ ነው? ኑርዬን እንዳትዪኝ!»

ከዚያ ሰው መርዶ ሲሰማ የሚሆነውን ሆኑ። ከበሩ ተላቀው ወለሉ ላይ ተዘረፈጡ፤ የወንበሩን እግር በሁለት እጃቸው ጨብጠው ራሳቸውን ጉልበታቸው መካከል ቀበሩ። መኪናው ሦስተኛውን ምሰሶ አለፈ። በሩ ተከፈተ። ከዘራው ተንከባልሎ ወጣ፤ ቆቡም ተከተለው። ጋሽ እንድሪስ «ልጄን! ልጄን!» እያሉ ስለነበር በሩን ልብ አላሉትም።

መኪናው ወደ ኋላ ተጎትቶ ጣቢያው ሲደርስ የወንበሩን እግር ለማስለቀቅ ሁለት ጎረምሳ አስፈለገ። ኑርዬ ፊታቸው ቆሞ «እኔ ነኝ፣ አለሁ» ሲላቸው ፊቱን በእጃቸው ዳበሱት።

«አንተ ካለህ» አሉ፣ «ታዲያ ማነው የሞተው?»

በሚቀጥለው ሳምንት ኮሚቴው መግለጫ አወጣ። የአስታማሚ ጥያቄ የአንድ አረጋዊ ሕይወት ማትረፉ ተረጋግጧል፤ ስለዚህ አሠራሩ ወደ አሳንሰሮችና ወደ ከተማ አውቶቡሶች ይስፋፋል። በሩ ለምን እንደተከፈተ መግለጫው አላነሣም፤ ምናልባት አንባቢው ቁርስ አልበላም ብሎ ይሆናል። አቶ መንበሩ ተመስግነዋል። ሰዓዳ ፕሮግራሙን ያረመችው ሻይዋ ሳይበርድ ነው። የጎደለችው አንዲት መስመር ነበረች።

ኑርዬ ወደ ጅግጅጋ ተመለሰ። ጋሽ እንድሪስ ግን ሰዓዳ ቤት ቀሩ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

«ንገሪኝ» ይሏታል። «እኔ ብዙ ችያለሁ፤ ይኼንንም እችላለሁ።»

«አባዬ፣ በሩ ነው አልኩህ እኮ! የሞተ ሰው የለም።»

«በር አይሞትም። ስንት ሰው ተሰብስቦ ሲያለቅስ በዓይኔ አይቻለሁ። ለበር ነው የሚለቀሰው?»

አንድ ቀን ጠዋት ሰዓዳ ኮምፒውተሯን ከፍታ፣ ሰላምታውን ሳትጠብቅ ጻፈች፦ «ከዛሬ ጀምሮ ስሕተቴን ፊት ለፊት ንገረኝ። ቀጥታ። በቀይ።»

ስክሪኑ ለረጅም ጊዜ አሰበ።

«ስለ አስተያየትሽ እናመሰግናለን። ቁርስ በልተሻል?»

«በልቻለሁ!»

«ብቻሽን ነሽ?»

«ከአባቴ ጋር ነኝ።»

«እንግዲያው ምንም የለም። ሥራሽን ቀጥይ።»

ሰዓዳ ስክሪኑን ትኩር ብላ አየችው። ስክሪኑ አረንጓዴና ሰላማዊ ነበር። ምንም የሚነበብ ነገር አልነበረበትም።

«ሰዓዳ» አሉ ጋሽ እንድሪስ ከመስኮቱ። «አስካል እየመጣች ነው። ሳህን ይዛለች።»

«የተሸፈነ ነው?»

«የተሸፈነ ነው።»

ሰዓዳ ስልኳን አንሥታ በመስመሩ ላይ ያሉትን የኬብል መኪኖች በሙሉ አቆመች። አስታማሚ «በድንገት ማቆም ተሳፋሪ…» ሲላት አቋርጣው በእጇ ደግማ ተጫነች። ከዚያ በሩን ከፈተች። እትዬ አስካል ደጃፉ ላይ ቆመዋል፤ ሳህኑ በእጃቸው ነው፤ ቂቤው ይሸታል።

«እትዬ አስካል» አለች ሰዓዳ፤ «የትኛው በር ነው?»

እትዬ አስካል አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። ወደ ጋሽ እንድሪስ አዩ። ወደ ሰዓዳ አዩ።

«ኑርዬ» አሉ በመጨረሻ፤ «ኑርዬ መቼ ነው የሚመጣው?»